የልጄ ቤት ባትሪ ቢገባለት የኃይል ብቃት ደረጃው ከፍ ይላል?

የማርቆሷ እናት፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ያለውን ቤቱን ሊሸጥ ተነሥቷል። እዚያ ቤት ሲሸጥም ሲከራይም የኃይል ብቃት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ቤቱ ተመዝኖ ከ«ኤ» እስከ «ጂ» ደረጃ ይሰጠዋል። የእርሱ ወረቀት 64 ነጥብ፣ ደረጃ «ዲ» ይላል። 69 ቢሞላ «ሲ» ይገባ ነበር። ጣሪያው ላይ ሶላር አለው። አንድ ባትሪ ሻጭ «ባለ 5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አስገባ፤ አምስቷን ነጥብ ያመጣልሃል» ብሎታል። ገንዘቡን ሊከፍል ሲል «ቆይ፣ የሚያውቅ ሰው ልጠይቅልህ» ብዬ አስቆምኩት።

ያስቆምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም እዚህ በ2013 ዓ.ም. ሁለት ባለ 330 ዋት ፓነልና ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ አስተክያለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሳሎኔ ብርሃን ነው፤ የተከራዮቼ ልጆች እኔ ዘንድ መጥተው ያጠናሉ። ለዚህ ባትሪዎቹን እወዳቸዋለሁ። የመብራት ሂሳቤ ግን ያን ያህል አልቀነሰም፤ ሂሳቤን የሚያንረው ምጣዱ ነው። ቤቱም የኅዳርን ቁር እንደ ድሮው ያስገባል። እንግዲህ ባትሪ ቤቱን ካልለወጠው የቤቱን ደረጃ በምን ይለውጠዋል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ባለ ሽቦው፣ ከፍኖተ ሰላም

እናቴ፣ ማስቆምዎ ልክ ነው። እኔ የቤት መስመር ስዘረጋና ሶላር ስተክል 11 ዓመቴ ነው። ባትሪ ጎተራ ነው። ጎተራ ጤፍ አያበቅልም፤ የገባለትን ያቆያል። ነቀዝም አያጣውም፤ በእርሳስ ባትሪ ከሚገባው ኃይል አምስት አንድ ያህሉ ሲገባና ሲወጣ ይባክናል፤ በሊቲየሙ ደግሞ እስከ አሥር አንድ። የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲስማማ የሚለውጠው ኢንቨርተርም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ስለዚህ ባትሪ የገባለት ቤት ትንሽ አብልጦ ይፈጃል እንጂ አይቆጥብም። ደረጃው ከፍ ይላል ቢሉኝ አላምንም።

ስለ ራስዎ ባትሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱ ተደምረው በወረቀት 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛሉ። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች በወረደ ቁጥር ግን ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ በእጅዎ ያለው 2.4 ነው ብለው ያስቡ። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በምንም ምክንያት በባትሪ እንዳይሞክሩት።

የሞጣው ልጅ፣ ከእንግሊዝ

ባለ ሽቦው ስለ ባትሪ ጠባይ የተናገረው እውነት ነው፤ ስለ ደረጃው ግን አልስማማም። እዚህ ቤት መመዘን ሥራዬ ነው።

ነጥቡ የሚወጣው ቤቱ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ፈጀ ተብሎ አይደለም። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ መስኮቱ፣ ማሞቂያው ይመዘገባል፤ ከዚያም ያን ቤት ዓመቱን ለማሞቅና ለማብራት በካሬ ሜትር ስንት ገንዘብ ይወጣል ተብሎ ይሰላል። የነዋሪው የራሱ ሂሳብ አይታይም። ባትሪ የሚገባው በዚህ በገንዘቡ በር ነው። ቀን ሰው ሥራ ሲውል ፓነሉ ያመነጨው ወደ ዋናው መስመር ይሄዳል፤ የሚሸጥበት ዋጋ ደግሞ ከሚገዛበት ያነሰ ነው። ባትሪ ካለ ያው ኃይል ማታ እዚያው ቤት ውስጥ ያገለግላል። ነቀዙ የበላው ተቀንሶም ትርፍ አለው። ፓነል የሌለው ቤት ግን ባትሪ ቢደረድር ነጥብ አያገኝበትም።

ይህም ቢሆን አዲስ ነገር ነው። ነባር ቤቶች የሚመዘኑበት ስሌት እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2025፣ ድረስ ለባትሪ ቦታ አልነበረውም። አሁን አቅሙ ይመዘገባል። ሆኖም «አምስት ነጥብ» ብሎ ቃል መግባት የሻጭ ሥራ አይደለም፤ ከቤት ቤት ይለያያል።

አሁን እኔ ልጠይቅዎት። ወረቀቱ የወጣው መቼ ነው? ፓነሉስ የተተከለው መቼ ነው?

የማርቆሷ እናት

ደውዬ ጠየቅሁት። ወረቀቱ በ2010 ዓ.ም. ቤቱን ሲገዛ የተሰጠው ነው። ሶላሩን ያስገባው በ2014 ነው። ታዲያ ያ 64 ነጥብ ሶላሩን አያውቀውም ማለት ነው?

የሞጣው ልጅ

አያውቀውም። ወረቀቱ 10 ዓመት ያገለግላል እንጂ በራሱ አይታደስም። እናቴ፣ ባትሪ ከመግዛቱ በፊት መዛኝ ይጥራ፤ ፓነሉ ብቻውን «ሲ» ሊያስገባው ይችላል። የተከላውን ሰነድ አዘጋጅቶ ይጠብቅ፤ መዛኝ በዓይኑ ያላየውን ወይም ማስረጃ ያልቀረበለትን አይጽፍም። ከኮርኒሱ በላይ ያለውን የሙቀት መከላከያ ንጣፍም ይለካው። እዚህ የሚመከረው 27 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አሮጌ ቤት ውስጥ ከዚህ እጅግ የሳሳ ብዙ ጊዜ አያለሁ። እሱን መሙላት ከባትሪ በብዙ ይረክሳል፤ ባትሪ ደግሞ ቤት አያሞቅም።

ጣና ዳር፣ ከባሕር ዳር

ስለ ቁሩ ያነሡት ነገር ልቤን ነካው። ያደግሁት ማርቆስ በጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ስለነበር ሌሊቱን ሙቀት ይዞ ያድር ነበር። በኋላ ወደ ብሎኬት ቤት ስንዛወር ኮርኒስ ሳይገባለት ሁለት ክረምት ከርመን እናቴ በጉልበቷ ታመመች። ከቆርቆሮው ሥር ባዶ ከሆነ ሙቀቱ ሁሉ በዚያ ይወጣል። እትዬ፣ የእርስዎ ቤት ኮርኒስ አለው?

የማርቆሷ እናት

ሳሎኑ አለው፤ የምተኛበት ክፍል የለውም። አራት ዓመት ሙሉ ለባትሪ ስጨነቅ ቀና ብዬ ቆርቆሮውን አላየሁትም። ከክረምቱ በፊት አናጢ አስገባለሁ።

ልጄ መዛኝ ቀጥሯል፤ ሻጩንም «ውጤቱን ልየው» ብሎታል። የሞጣው ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በሰው አገር ያክብርህ። ባለ ሽቦው፣ የኔን ባትሪዎች ነገር ግን አልጨረስንም። ሌሊት ኢንቨርተሩ ላይ ቀይ መብራት እየበራ ይጮሃል፤ እኔ ተኝቼ እተወዋለሁ። ከግማሽ በታች ወረዱ ማለቱ ይሆን?