የሣር ማጨጃ ሞተር ምረጡልኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ለሰፊ ግቢ የሣር ማጨጃ ልገዛ ብዬ ሁለት ሞተር መሃል ቆሜያለሁ። አንዱ በእጅ የሚገፋው ባለ 4 ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚን ተለይቶ የሚሞላ) ሆንዳ ጂሲቪ160 ነው። ሌላው ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ባለ 2 ስትሮክ፤ ዋጋው ይቀላል፣ ግን ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ስለሚቀላቀል ሠራተኛ ዘይት ካሳነሰበት ፒስተኑ ተበላ ማለት ነው። (ሠራተኛ ደግሞ ይቀያየራል!)

ልቤ ወደ ሆንዳው ነው። የሚያሰጋኝ ጥገናው። የሰፈራችን መካኒክ የለመደው የውኃ ፓምፕ ሞተር ጂኤክስ160ን ነው፤ የእሱ ዘንግ አግድም፣ የማጨጃው ግን ወደ ታች። ታዲያ ሲበላሽ መለዋወጫው ደሴ ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ ድረስ ነው? ካርቡሬተር ያስቀየራችሁ ስንት ከፈላችሁ? ደግሞ ከ1500 ሜትር ከፍታ በላይ የካርቡሬተሩ ጄት (ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ) ይቀየር ይባላል፤ ደሴ ላይ የምትጠቀሙ፣ ሳትቀይሩ ጭስ አላስቸገራችሁም?