ከቤንች ፕሬስ በኋላ አይቡፕሮፌን ልውሰድ?

ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው፣ ዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ። ሰፈር ጂም እግሬን በቀበቶ አስሬ ቤንች ፕሬስ (ጋደም ብሎ ክብደት ወደ ላይ መግፋት) እሠራለሁ። ችግሩ ማግስቱ ነው፤ በዚያው የዛለ ትከሻ የኮብልስቶኑን ዳገት መግፋት! የሕመም ማስታገሻውን አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ብወስድስ?

— ፋርማሲ ነው የምሠራው፣ ወንድሜ። አልፎ አልፎ፣ ጨጓራና ኩላሊትህ ጤነኛ ከሆነ፣ ከምግብ በኋላ ግድ የለም። በየቀኑ ግን ተው። ከሌላው ማስታገሻ ከዲክሎፌናክ ጋርም አትደርበው። ውሃ ትጠጣለህ?

— እውነት ለመናገር እቀንሳለሁ። የጂሙ ሽንት ቤት ደረጃ አለው፣ ዊልቸር አያስገባም።

— በል እንግዲያው ኩላሊትህ ላይ ነው የምትፈርደው። መጀመሪያ ሐኪም አማክር።

— እኔም ፓራ ፓወርሊፍቲንግ (የአካል ጉዳተኞች ክብደት ማንሳት) እሠራለሁ። ክኒኑ ሕመሙን ሲያፍነው ትከሻህ መጎዳቱን አታውቅም። ስዊድን ውስጥ በተደረገ ጥናት አይቡፕሮፌን በቀን 1200 ሚሊግራም ለ8 ሳምንት የወሰዱ ወጣቶች ጡንቻቸው ያደገው ትንሽ አስፕሪን ከወሰዱት ያነሰ ነው። አካል ጉዳተኞች አልነበሩም እንጂ።

— ዶፒንግስ አይባልም?

— አይባልም፣ አልተከለከለም።