በፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት ባለቤቱ ማን ነው? ሥራውንስ የሚመራው ማን ነው?

የጎዛምን መምህር (ደብረ ማርቆስ)

እንደምን ከረማችሁ። በደብረ ማርቆስ የሒሳብ አያያዝ አስተምራለሁ። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ የፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ፋብሪካው የመጀመሪያ ምዕራፍ ከተመረቀ ወዲህ ተማሪዎቼ «ባለቤቱ ማን ነው? መንግሥትስ ስንት በመቶ አለው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጉዳዩ ለእኛ ለጎጃም ሰዎች ሩቅ አይደለም። ከዚያው ከኦጋዴን ጋዝ በጎዴ ዩሪያ የተባለውን ማዳበሪያ ለማምረት የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ 40 በመቶ፣ ዳንጎቴ ግሩፕ ደግሞ 60 በመቶ ይዘው መፈራረማቸው ከተገለጸ በኋላ፣ ወላጆቹ በቆሎና ጤፍ የሚዘሩ ተማሪ ሁሉ ነገሩን ከማዳበሪያ ዋጋ ጋር አያይዞ ነው የሚያየው።

መልስ ፍለጋ የሌሎችን አገሮች ፕሮጀክቶች ሳነብ ግን ይበልጥ ግራ ገባኝ። በናይጄሪያ ኤልኤንጂ (በአገሪቱ የፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ኩባንያ) ውስጥ የመንግሥቱ የነዳጅ ኩባንያ 49 በመቶ፣ ሼል 25.6፣ ቶታል ኢነርጂስ 15፣ ኤኒ 10.4 በመቶ ይዘዋል። ኳታር ኖርዝ ፊልድ ኢስት የተባለውን የፈሳሽ ጋዝ ማስፋፊያ ስታዋቅር 75 በመቶውን ለራሷ ኩባንያ አስቀርታ 25 በመቶውን ለአምስት የውጭ ኩባንያዎች አከፋፈለች። በኢንዶኔዥያ ቦንታንግ ደግሞ ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ ትርፍ እንዳያተርፍ ሆኖ የተቋቋመ ነው። ባለአክሲዮን ያለው ኩባንያ የማያተርፍ ከሆነ ባለቤቶቹ ምን ሊያገኙ ገቡበት? ደግሞስ የድርሻው መቶኛ ብቻውን ጥቅሙ ለማን እንደሚደርስ ይነግረናልን? የምታውቁ ብታስረዱኝ።

ዳሞት (ባሕር ዳር)

መምህር፣ ከመቶኛው አስቀድመው ሌላ ነገር እንዲጠይቁ እመክራለሁ፤ ይኸውም ጋዙ ከጉድጓድ ወጥቶ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ባለቤቱ የሚለወጠው የት ላይ ነው የሚለው ነው። ጋዙ በቧንቧ ወደ ፋብሪካ ይገባል፣ ይጣራል፣ እስከ 162 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፣ መጠኑም ወደ 600ኛ እጅ ገደማ ስለሚቀንስ በመርከብ ለመጓዝ ይመቻል። በዚህ መንገድ ላይ ሽያጭ የሚፈጸምበት ቦታ የዋጋው ውጣ ውረድ በማን ላይ እንደሚወድቅ ይወስናል።

በአንዳንድ ፕሮጀክቶች ከጉድጓዱ እስከ ፋብሪካው ያሉት ባለድርሻዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ በመካከል ሽያጭ የለም። ሁሉም ገንዘብ የሚገኘው መጨረሻ ላይ ፈሳሹ ጋዝ ሲሸጥ ነው። የአውስትራሊያው ጎርጎን ከነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ሥራውን የሚመራው ሼቭሮን 47.3 በመቶ ይዟል፤ ኤክሰን ሞቢልና ሼል እያንዳንዳቸው 25 በመቶ፣ የቀረችውን ትንሽ ድርሻ የጃፓን ጋዝና ኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ይዘዋል። እዚህ ላይ ለሒሳብ አዋቂ የሚከብድ ነገር የለም።

የሚከብደው ናይጄሪያ ላይ ነው። በቦኒ ደሴት ያለው ፋብሪካ ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆኖ ጋዙን ከአምራቾቹ በረጅም ጊዜ ውል ይገዛል፣ ፈሳሽ አድርጎም በራሱ ስም ይሸጣል። ጋዙን ከሚሸጡለት ዋና ዋናዎቹ ደግሞ ራሳቸው ባለአክሲዮኖቹ ከመንግሥቱ ኩባንያ ጋር ያቋቋሟቸው ሽርክናዎች ናቸው፤ በነዚያ ሽርክናዎች ግን የመንግሥቱ ኩባንያ ድርሻ 49 ሳይሆን ከግማሽ በላይ ነበር። ስለዚህ ያው ኩባንያ በአንድ እጁ ሻጭ፣ በሌላው እጁ ገዢ ነው፤ ድርሻው በሁለቱ ቦታዎች እኩል ስላልሆነም ጋዙ በፋብሪካው በር ላይ የሚሸጥበት ዋጋ አንድ ሳንቲም ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር ትርፉ ከአንዱ ባለድርሻ ኪስ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ግብሩም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው በተቋቋመበት ሕግ ለ10 ዓመት የግብር እፎይታ ስለተሰጠው፣ በዚያ ጊዜ የጋዙ መግዣ ዋጋ ዝቅ ማለት ትርፉ ከፍተኛ ግብር ከሚከፈልበት ከጉድጓዱ በኩል ግብር ወደማይከፈልበት ፋብሪካ ይሄዳል ማለት ነበር። በእኔ ግምት 49 የሚለው ቁጥር ይህን ከቶ አይናገርም፤ የሚናገረው የጋዝ ሽያጭ ውሉ ነው።

ሦስተኛው አሠራር ለእኛ የሚገባን ነው፤ እዚያው ማርቆስ ካለው ወፍጮ ቤት አይለይም። ባለወፍጮው እህሉን አይገዛም፣ ዱቄቱንም አይሸጥም፤ የማስፈጫውን ይቀበላል፣ የጤፍ ዋጋ ወጣም ወረደም እሱን አይነካውም። በቴክሳስ የፍሪፖርት፣ በሉዊዚያና የካሜሮን ፋብሪካዎች እንዲህ ይሠራሉ፤ ደንበኛው ጋዙን ራሱ አምጥቶ ፈሳሹን ራሱ ይወስዳል፣ ቢጠቀምበትም ባይጠቀምበትም የያዘውን የማምረት አቅም ክፍያ ይከፍላል። በዚያው በሉዊዚያና ያለው ሳቢን ፓስ ለየት ይላል፤ ጋዙን ራሱ ገዝቶ ይሸጣል፣ ነገር ግን በብዙዎቹ ውሎቹ ዋጋው ከአሜሪካ የገበያ ዋጋ 115 በመቶ ላይ ቋሚ ክፍያ ተጨምሮበት የሚሰላ በመሆኑ፣ በስም ነጋዴ ይሁን እንጂ በኪሳራ ጊዜ እንደ አገልግሎት ሰጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም የጋዝ ዋጋ ሲወድቅ ገዢዎች ብዙ መርከብ ጭነት ሰርዘዋል፤ ቋሚውን ክፍያ መክፈላቸው ግን አልቀረም።

አገልግሎት ሰጪ መሆን ከአደጋ ሁሉ ያድናል እንዳይባል ግን የግብፅ ዳሚዬታ አለ። ፋብሪካው ግብፅ ጋዙን ለአገር ውስጥ ፍጆታ ስላዋለችው እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ፈትቶ ቆመ፣ ክርክሩ ዓለም አቀፍ ግልግል ደርሶ በ2018 ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሳ ተፈረደ፣ ፋብሪካው እንደገና ጭነት የላከው በ2021 ነው። የፋብሪካ ባለቤትነት ያለ ጋዝ አቅርቦት ውል ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ያየነው በዚያ ነው።

ስለ ቦንታንግ የጠየቁትም በዚሁ ይፈታል። ባዳክ የተባለው አንቀሳቃሽ ኩባንያ የማያተርፈው፣ ባለድርሻዎቹ ትርፋቸውን ከጋዙ ሽያጭ ስለሚያገኙ ነው። እሱ ወጪውን ብቻ አስልቶ ያስከፍላል፤ ማትረፍ ቢጀምር የሚያተርፈው ከራሱ ባለቤቶች ነው።

ሕግ አዋቂው (ቡሬ)

ዳሞት ስለ ዋጋው የጻፈውን እቀበላለሁ። መቶኛውን ግን እንደዚያ ማቃለል የለበትም፤ ድርሻ የድምፅ መብት ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመክፈል ግዴታ ነው።

እንደ ጎርጎን ከጉድጓዱ እስከ ፋብሪካው የተቆራኙት ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች ኩባንያ አይደሉም፤ የውል ሽርክና ናቸው። በእኛ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የእሽሙር ማኅበር ተብሎ ከተቀመጠው፣ የሕግ ሰውነት ከሌለው ማኅበር ጋር ይቀራረባሉ። እያንዳንዱ ባለድርሻ ንብረቱን በድርሻው ልክ ይይዛል፣ ግብሩንም ለየብቻው ይከፍላል፤ ምርቱንም ቢሆን ለየብቻው ወይም በጋራ ይሸጣል። እንዲህ ያለው ማኅበር በራሱ ስም ሠራተኛ ሊቀጥርም ሆነ ውል ሊፈርም ስለማይችል፣ ከባለድርሻዎቹ አንዱ ኦፕሬተር ተብሎ ይሰየምና በሁሉም ስም ይሠራል። በአውስትራሊያ ኖርዝ ዌስት ሼልፍ ስድስት ባለድርሻዎች ለብዙ ዓመታት እኩል አንድ ስድስተኛ ይዘው ሲቆዩ ሥራውን የሚመራው ግን ውድሳይድ ነበር፤ ኦፕሬተርነት ከድርሻ ብዛት እንደማይመጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ኦፕሬተር በመሆኑ ብቻ ትርፍ አያገኝም፣ አይከስርምም፤ የውሉ መሠረተ ሐሳብ ይህ ነው። የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። በጀቱን የሚያረቀው፣ ጨረታውን የሚያዘጋጀው፣ መረጃውን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ሌሎቹ የሚጠበቁት በሥራ አመራር ኮሚቴው ድምፅና መዝገብ በማስመርመር መብታቸው ነው። አሁን መምህር ተማሪዎቻቸውን ሊያስተምሩበት የሚገባ ነጥብ ላይ ደረስን፤ ኦፕሬተሩ ለወሩ ወጪ ገንዘብ ሲጠይቅ ድርሻውን በጊዜው ያልከፈለ ወገን የመምረጥ መብቱ ሊታገድ፣ ሲብስም ድርሻውን ሊያጣ ይችላል። በበጀት ለደኸየ መንግሥት 20 ወይም 30 በመቶ መያዝ ጌጥ ሳይሆን ዕዳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሞዛምቢክ ይህን አውቃ፣ በሮቩማ ባሕር «ክልል አንድ» በተባለው የጋዝ ቦታ የመንግሥቷ ኩባንያ የያዘውን 15 በመቶ በፍለጋው ዘመን ሌሎቹ ባለድርሻዎች እንዲሸከሙለት ተዋውላለች።

አወቃቀር ሲወሳሰብ ደግሞ የሚመጣውን ትሪኒዳድ አሳይታለች። የአገሪቱ የፈሳሽ ጋዝ ፋብሪካ አትላንቲክ ኤልኤንጂ እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ ሲጀምር አንድ የማምረቻ መስመር ነበረው፤ በኋላ አራት ሲሆኑ የባለአክሲዮኖቹ ስብጥር አንድ ዓይነት አልነበረም፣ በአንዱ ጋዙ ይገዛል፣ በሌላው በአገልግሎት ክፍያ ይሠራል። ጋዝ ሲያጥርና የመጀመሪያው መስመር ሲቆም የአንዱን ጋዝ ለሌላው ማዛወር የባለቤቶች ድርድር ሆነ። በመጨረሻ በ2023 ሼል፣ ቢፒና የመንግሥቱ ጋዝ ኩባንያ ባለቤትነቱን ለሁሉም መስመር አንድ ለማድረግ ተፈራረሙ፤ መንግሥትም ድርሻ ባልነበረው መስመር ሁሉ ገባ።

የጎዛምን መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ሁለታችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የናይጄሪያውን የዋጋ ሽግግር ለሦስተኛ ዓመቶቹ እንደ መልመጃ አዘጋጀዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ካሉብን ከነዚህ አሠራሮች በየትኛው ልመድበው?

ዳሞት (ባሕር ዳር)

መጠኑን አስቀድመን እንይ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር እንደሚያመርት ተገልጿል፤ ይህም 111,000 ሜትር ኩብ፣ በክብደት ወደ 50,000 ቶን ገደማ ነው። ዛሬ የሚሠሩት ትልልቅ የጋዝ መርከቦች አንዱ ብቻ ወደ 170,000 ሜትር ኩብ ይጭናል። የዓመቱ ምርት በሙሉ አንድ መርከብ አይሞላም ማለት ነው። ቦኒ በስድስቱ መስመሮቹ በዓመት 22 ሚሊዮን ቶን የማምረት አቅም አለው። ስለዚህ ለ20 ዓመት የመርከብ ጭነት ውል ተብሎ የተሠራውን የባለቤትነት ስልት ካሉብ ላይ ለመግጠም መሞከር አያስፈልግም፤ ይህ በቦቴ መኪና ለአገር ውስጥ ገበያ የሚከፋፈል ምርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከቻይናው ኩባንያ ፖሊ ጂሲኤል ጋር ውል ሲፈረም የታሰበው ሌላ ነበር፤ ቧንቧው ጅቡቲ ደርሶ ፈሳሹ ጋዝ እዚያ ተመርቶ በመርከብ ሊላክ ነበር፣ ውሉም በ2022 ተቋረጠ። ያ ዕቅድ ቢሳካ ኖሮ ሁለት መንግሥታት፣ ሁለት የግብር ሥርዓቶችና ድንበር ተሻጋሪ ቧንቧ ስላሉበት የጋዙ ባለቤት የት ላይ ይለወጣል የሚለው ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ይሆን ነበር።

ሕግ አዋቂው (ቡሬ)

ለካሉብ መነሻው ሕጉ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የነዳጅ ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 295/1978ም ከዚሁ ይስማማል። ስለዚህ ከመሬት በታች ያለው ጋዝ ባለአክሲዮን የለውም። ባለሀብቱ የሚይዘው በውል የተፈቀደለትን ሥራና ከሚወጣው ምርት የሚደርሰውን ክፍል ነው። ተማሪዎቹ «መንግሥት ስንት በመቶ አለው?» ሲሉ ስለ ፋብሪካው አክሲዮን፣ ስለ ምርት ክፍፍሉ ወይስ ስለ ሮያሊቲና (ከሚወጣው ምርት ለመንግሥት ስለሚከፈለው ክፍያ) ግብሩ እንደሚጠይቁ መለየት አለባቸው፤ ሦስቱ በሦስት የተለያዩ ሰነዶች ይገኛሉ፣ መቶኛቸውም አንድ አይደለም።

ለጎዴው ማዳበሪያ ግን የዳሞት ነጥብ ይጸናል። 60 እና 40 የሚለው ክፍፍል የዩሪያውን ትርፍ እንጂ የዩሪያውን ዋጋ አይወስንም። በጋዝ ለሚሠራ የዩሪያ ፋብሪካ ትልቁ ወጪ ጋዝ ነው። ጋዙ ፋብሪካው በር ላይ በርካሽ ከገባ ጉድጓዱ ላይ ያለው የመንግሥት ድርሻ ዋጋው ይቀንሳል፣ የማዳበሪያው ባለአክሲዮኖች ያተርፋሉ፤ የርካሽነቱ ጥቅም ወደ ገበሬው የሚወርደው ግን የዩሪያው መሸጫም በውል ከጋዙ ዋጋ ጋር ከተሳሰረ ብቻ ነው። የዩሪያው መሸጫ በዓለም ገበያ ዋጋ የሚሰላ ከሆነ፣ የጋዙ ርካሽነት በማርቆስ ዙሪያ ያለ ማሳ ዘንድ አይደርስም።