የጉማራና የርብ አፍ በክረምት ይረፍ፦ ረቂቁን አብረን እንጨርስ

የማኅበሩ ጸሐፊ
ጤና ይስጥልን። በስብሰባው ጀምረን የተውነውን ሐሳብ እዚህ እንቋጨው። ረቂቁ አጭር ነው። ከሰኔ 1 እስከ መስከረም መጨረሻ የጉማራና የርብ ወንዞች ወደ ጣና ሐይቅ በሚገቡበት አፍ ላይ ማንም መረብ አይጥልም። ረቂቁን የምናስገባው እኛው አጥማጆቹ ነን። ያልተስማማ ሰው አሁን ይናገር።

የጀልባ ባለቤት፣ ባሕር ዳር
አራት ወር በዛ። መረቤን የገዛሁት በብድር ነው። ከፋሲካ በኋላ ሰው ወደ ሥጋው ይዞራል፣ የዓሳ ገበያ ይቀዘቅዛል። የሚነቃው በሰኔ ጾምና በፍልሰታ ነው። ልክ ሲነቃ እጃችሁን ሰብስቡ ልትሉን ነው?

የታንኳ አጥማጅ፣ ፎገራ
ወንድሜ፣ ጾሙን አልረሳሁትም። ግን አንድ ያየሁትን ልንገርህ። አምና በግንቦት መረብ ሳነሳ አንዲት ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚሏት ዓሳ) ወጣች። ታንኳው ላይ ሳሳርፋት አፏን ከፈተችና ጫጩቶቿን ተፋች። ዓይን ብቻ ናቸው፣ ሌላው አካላቸው አይታይም። ቆሮሶ እንቁላሏን የምትታቀፈው በአፏ ነው። የተፈለፈሉትንም እዚያው ትጠብቃቸዋለች። በጣሳ ቀድቼ ወደ ውሃው መለስኳቸው፣ እናታቸው ግን ቀድሞ ሞታለች።

አምባዛ የሚባለው ዓሳም የራሱ ጊዜ አለው። የመጀመሪያው ጎርፍ ሜዳውን ሲያለብሰው በሌሊት ከሐይቁ ይወጣል። ውሃ የተኛበት ሣር ላይ እንቁላሉን ይጥላል፣ እንቁላሉም ሣሩ ላይ ይጣበቃል። በአንድ ሁለት ቀን ይፈለፈላል። መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጉዳቱም ከዚያ ነው የሚመጣው። ገና ሳይጥል መንገዱ ላይ እንጠብቀዋለን።

ዓሳ ነጋዴ
እውነቱን ነው። በሰኔ የመጣች አምባዛ ስትቀደድ ሆዷ እንቁላል ብቻ ነው። እሱን እንጥለዋለን፣ የሚሸጠው ሥጋ ትንሽ ነው። ጋሼ፣ ስለ ጾሙ ላልከው ግን መላ አለ። በሚያዝያና በግንቦት ገበያው ሲቀዘቅዝ የተረፈውን ለምን ቋንጣ አናደርገውም? ያኔ ፀሐይ አለ። ደርቆ የተቀመጠው በሰኔ ጾም ይወጣል። ክረምት ከገባ ግን ማድረቅ አይሞከርም፣ ይሻግታል። ማስጫ አልጋውን ከእንጨትና ከሽቦ እኛ ሴቶቹ እናሠራለን።

የጀልባ ባለቤት፣ ባሕር ዳር
ቋንጣው ጥሩ ሐሳብ ነው እህቴ። ሰፊው ሐይቅ ላይ ሥራዬን እንደማትከለክሉኝ በጽሑፍ ይግባ፤ ያኔ እፈርማለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ይገባል። የሚዘጋው የወንዞቹ አፍና ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ ብቻ ነው። ዓይኑ ሰፊ መረብና መንጠቆ በሰፊው ሐይቅ ላይ ይቀጥላል። መስከረምን እናሳጥር የሚል ካለ ግን ነጭ ዓሳ የምንለውን ዓይነት ያስብ። ወደ ጉማራ የሚወጣው በነሐሴና በመስከረም ነው። ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ተመራማሪዎች የነጭ ዓሳው መጠን በ75 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ ለክተዋል። ዋናው ምክንያት እንቁላሉን ሊጥል ሲወጣ ወንዝ አፍ ላይ መያዙ ነው። ቆሮሶና አምባዛ እዚያ እስኪደርሱ አንጠብቅ።

የታንኳ አጥማጅ፣ ፎገራ
ብርብራ የሚባለው ዛፍ ነገርም ረቂቁ ውስጥ ይጨመር፤ ፍሬው ለዓሳ መርዝ ነው። ፍሬውን ፈጭቶ ወንዝ ውስጥ መበተን ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ይጨርሳል። እሱ ዓመቱን ሙሉ ይከልከል።

ወጣት አባል
ሌሊት ማን ይጠብቃል? በወረቀት ብቻ አይሆንም። እኔ በተራ ሁለት ሁለት ታንኳ እናውጣ እላለሁ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ እወስዳለሁ። ደግሞ የፎገራ ሩዝ ገበሬዎች እንዲፈርሙ ይጠየቁ። አምባዛው ማሳቸው ድረስ ነው የሚገባው፣ በዱላ የሚመታውም እዚያ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ብርብራው፣ ተራው፣ ቋንጣው ገብተዋል። ገበሬዎቹን ማን ያናግር? ርብ ማዶ ዘመድ ያለው ካለ እስከ እሑድ ያሳውቀኝ። ሰኞ ንጹሑን ጽሑፍ ለፊርማ ይዤ እመጣለሁ።