ዲቲ 125 ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል፤ ሲዲአይ ልግዛ?

የሄርማታ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጂማ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ያነሳኋት አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 አለችኝ። ቱ ስትሮክ ናት፣ ባለ ሲዲአይ (የካንዴላውን እሳት የሚያስተኩሰው የኤሌክትሪክ ሳጥን)። ጠዋት በአንድ ርግጫ ትነሳለች። ከተማ ውስጥ ከሄርማታ አጂፕ፣ ከአጂፕ ኪቶ ብትሉኝ ምንም አትልም። ወደ ደዶ ስወጣ ግን ዳገቱ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ትሄድና ሁለት ሦስት ጊዜ አስነጥሳ ድርግም ትላለች። ብረግጥ ብረግጥ ወይ ፍንክች። ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ግማሽ ሰዓት ስጠብቅ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ባለፈው እንደዚያ ቆሜ ቡና የጫነ አህያ አልፎኝ ሄደ፣ ነጂው ሰላም ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ካንዴላ ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ካርቡሬተሩንም አሳጥቤያለሁ። አንድ ጋራዥ «የፒስተኑ ሪንግ አልቋል» ብሎ አስቀየረኝ፣ ገንዘቡ ሄደ በሽታው ቀረ። አሁን ሌላኛው «ሲዲአይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስመጣ» ይለኛል። ዋጋውን ስሰማ ሞተሯን የገዛሁበትን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ልግዛ ወይስ?

የድሮ ኤሌትሪሻን፦
ልጄ፣ አትግዛ። ገና ነው።

የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት። ይህን ሁሉ ስትቀይር ዋናውን ነገር ያየ ሰው የለም፦ በጠፋችበት ሰዓት ካንዴላው እሳት ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? ጋራዥ ስትደርስማ ቀዝቅዛለች፣ እሳቱም ተመልሷል፤ መካኒኩ ያን ጊዜ ከመገመት ሌላ ምን ያድርግ። በሽታው የሚታየው ዳገቱ ላይ ነው፣ ምርመራውም እዚያው ነው።

መለዋወጫ ካንዴላ ኪስህ ከተህ ውጣ። ድርግም ስትል አታርፍ፣ በትኩሱ ኮፍያውን ከተሰካው ካንዴላ ንቀልና መለዋወጫው ላይ ግጠመው። ከዚያ የካንዴላውን ብረት ከሲሊንደሩ ክንፍ ጋር አጥብቀህ አስነካና ርገጥ። ሲሊንደሩ ላይ ያለውን ካንዴላ አትፍታው፣ በቀዳዳው የሚተፋው ቤንዚን እሳቱን ካገኘ ፊትህ ላይ ይነድዳል። በባዶ እጅህም አትያዝ፣ እጀታው ጎማ በለበሰ ፒንሳ ያዝ። ካንዴላውን ከብረት ሳታስነካም አትርገጥ፣ መውጫ ያጣው ኮረንቲ ቦቢናውን (ለካንዴላው ኮረንቲውን ከፍ የሚያደርገውን) ወይም ሲዲአዩን ሊጨርሰው ይችላል፤ ያኔ የማትፈልገውን ዕቃ በግድ ትገዛለህ።

ሰማያዊ ወፍራም እሳት ጣ ጣ እያለ ከዘለለ ኤሌክትሪኩን ተወውና ወደ ቤንዚኑ ሂድ። ጨርሶ ከሌለ ወይም ቀጭን ብርቱካናማ ከሆነ ተመለስና እንነጋገራለን።

የሊሙ መንገደኛ፦
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ጤና ላይ ስሠራ ገጠር የምወጣበት ሞተር ልክ እንዳንተ ነበር። ይሄዳል፣ ይጠፋል፣ ትንሽ ስቆይ ይነሳል። እኔም ኤሌክትሪክ ነው ብዬ ስንት ተሟግቻለሁ፤ ለካ የታንኩ ክዳን መተንፈሻ በጭቃ ተደፍኖ ኖሯል! ቤንዚኑ ወደ ታች ሲወርድ በምትኩ አየር መግባት አለበት፣ ካልገባ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ቆመህ ስትጠብቅ አየሩ ቀስ እያለ ይገባል፣ አንተ ግን ሞተሩ የቀዘቀዘ ይመስልሃል።

ስለዚህ ስትጠፋብህ እሳቱን እይ፣ ቀጥለህ ክዳኑን ክፈት። ፍስስ ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳች ተገላገልክ፣ በመርፌ ጠርገህ ትጨርሳለህ። ለነገሩ እኔ ያን ሰሞን ክዳኑን ላላ አድርጌ ነበር የምሄደው፣ ቀሚሴ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር።

ጭቃ በጭቃ፦
ማጥፊያውን የረሳችሁት ይመስለኛል። እንዲህ ባለ ማግኔት (ከሞተሩ ጋር እየዞረ ኮረንቲ የሚያመነጨው) ላይ የማጥፊያው ሥራ ኮረንቲውን ወደ ሞተሩ ብረት ማፍሰስ ነው። ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ከነካ እጅህ መሪው ላይ ሆኖ ራሷ ትጠፋለች። ያማሃ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ መስመር ያለው ጥቁር ሽቦ ነው። ከታንኩ ሥር ሶኬቱን ፈልግና እሷን ብቻ ንቀል፣ እሳቱ ከተመለሰ ችግሩ ከዚያ ወደ መሪው ባለው መስመር ነው። መሪው አንገት ላይ ሽቦዎቹ የሚታጠፉበትን ቦታ እይ፣ የእኔዋ እዚያ ጋ ነበር የተላጠችው። ስትነቅላት ግን በቁልፍ አትጠፋልህም፣ ማርሽ አስገብተህ ፍሬን ይዘህ ነው የምታፍናት።

በክረምት ደግሞ የካንዴላው ኮፍያ ውኃ ያስገባል። ኮፍያው የተጠመዘዘበትን የሽቦ ጫፍ ግማሽ ሴንቲሜትር ቆርጠህ እንደገና ጠምዝዘው፣ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ታገኘዋለህ።

የድሮ ኤሌትሪሻን፦
የማጥፊያው ነገር ጥሩ ነው፣ አስታወስከኝ። ኮፍያው ግን አይመስለኝም። የእርጥበት በሽታ ጠዋት አያስነሳም፣ ሲሞቅና ሲደርቅ ይተዋል። የዚህ ልጅ ተቃራኒው ነው።

የሄርማታ ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉኝ ትናንት መለዋወጫ ካንዴላ ይዤ ወጣሁ። እንደተለመደው ዳገቱ ላይ ድርግም። ባዶ! ቀጭኑም ወፍራሙም የለም። የታንኩን ክዳን ከፈትኩ፣ ምንም አልሳበም። የማጥፊያውን ሽቦ ነቀልኩ፣ ለውጥ የለም። ስትቀዘቅዝ እሳቱ መጣ፣ ያውም ሰማያዊ። አሁንስ ሲዲአይ ልግዛ?

የድሮ ኤሌትሪሻን፦
አሁንም አትግዛ። ማግኔቱ ውስጥ ሲዲአዩን የሚመግብ ኮይል አለ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ መዳብ ስንት ሺህ ዙር የተጠመጠመ። በዕድሜ ብዛት አንድ ቦታ ይሰነጠቃል። ቀዝቃዛ ሲሆን ስንጥቁ ይነካካል፣ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጥና ይለያያል። ኦም የሚለካ ቴስተር ተዋስ። ከማግኔቱ የሚወጣውን ሶኬት ነቅለህ በቀዝቃዛው ለካ፣ ቁጥሩን ጻፍ፣ ከዚያ ስትጠፋ እዚያው ድገመው። እሳቱ መቼ እንደሚተኮስ ለሲዲአዩ ምልክት የሚሰጠውን ትንሹን ኮይልም አብረህ ለካ። ስንት ኦም መሆን እንዳለበት በየሞዴሉ ይለያያል፣ አንተ የምትፈልገው ግን ልዩነቱን ነው።

ማግኔቱን ለማውጣት በመዶሻ እንዳትነካው! መንቀያ አለው፣ ተዋስ። መዶሻ ማግኔቱን ይሰነጥቀዋል፣ ጉልበቱንም ያደክመዋል።

የሄርማታ ልጅ፦
ዘግይቼ መጣሁ፣ ይቅርታ። ሲዲአዩን የሚመግበው ኮይል በቀዝቃዛው 310 ኦም አነበበ። ዳገቱ ላይ ስትጠፋ ቴስተሩ ጨርሶ አይቆጥርም፣ ሽቦው የተቆረጠ ያህል። ትንሹ ኮይል ግን ቀዝቃዛም ትኩስም ያው ነው። ማግኔቱን በመንቀያ አወጣሁት። አላምን ብዬ ኮይሉን ቤት ወሰድኩትና በእህቴ ፀጉር ማድረቂያ አሞቅኩት። ቁጥሩ መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ብን አለ። እህቴ ስትቆጣኝ «ዝም በይ፣ ሲዲአይ እያዳንኩ ነው» አልኳት።

እዚሁ ጂማ የውኃ ፓምፕ ሞተር የሚጠመጥም ልጅ አለ፣ እሱ ጠመጠመልኝ። ከዚያ ወዲህ ደዶ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመለስኩ፣ አንዴም አላስነጠሰችም። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የቀረችኝ የፊት መብራቷ ናት፤ ነዳጅ ስሰጣት ትደምቃለች፣ ስለቅ ትፈዝዛለች። እሱም ኮይል ይሆን?

የድሮ ኤሌትሪሻን፦
እሱ በሽታ አይደለም። የፊት መብራቱ ባትሪ አይጠጣም፣ በቀጥታ ከማግኔቱ ነው የሚበላው። ሞተሩ ቀስ ሲል መብራቱም ይፈዝዛል፣ ከፋብሪካ ስትወጣም እንዲሁ ነበረች። በል አሁን ማድረቂያውን ለእህትህ መልስላት።