ሳይኮሎጂ ለ11ኛ ክፍል ይሰጥ ወይስ ፍሬሽማንን ይጠብቅ?

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት መከራከሪያችን ይኸው። የእኛ አገር ተማሪ ሳይኮሎጂን ራሱን በቻለ ኮርስ የሚያገኘው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው፤ በፍሬሽማን ዓመት፣ በሦስት ክሬዲት፣ ከሕይወት ክህሎት ጋር ተዳብሎ። ወደ 11ኛ ክፍል ይውረድ የምትሉ ምኑ፣ በስንት ፔሬድና በማን እንደሚሰጥ ጻፉ። ይቅር የምትሉም የቱ ጋ እንደሚበላሽ አሳዩን። «ጥሩ ሐሳብ ነው» ብቻ የሚል አስተያየት አነሣለሁ።

ጠመኔ፦ ይውረድ። አብዛኛው ልጅ ፍሬሽማን የሚባለውን ዓመት አያየውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በሪሚዲያል የገባውን ብንደምርበት እንኳ፣ ብዙኃኑ ከትምህርት ቤት የሚሰናበተው ሰው እንዴት እንደሚያስታውስ፣ ለምን እንደሚረሳ፣ እንቅልፍ ማጣት ምን እንደሚያደርግ አንዲት ገጽ ሳያነብ ነው። የገባውም ቢሆን የአጠናን ዘዴ የሚማረው ዋናውን ፈተና ጨርሶ ነው። ከአዳራሹ ለሚወጣ ልጅ እስክሪብቶ እንደ መስጠት ቁጠሩት።

የማቀርበው አንድ ሴሚስተር፣ በሳምንት ሁለት ፔሬድ ነው። በ16 ሳምንት 32 ፔሬድ ይሆናል። ለፈተና፣ ለበዓልና ለስብሰባ የሚባክነውን 6 ቀንሱ፤ 26 ይቀራል። 4ቱ ጥናት እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት፣ 8ቱ ለመማርና ለማስታወስ፣ 4ቱ ለስሜት ሕዋሳትና ለእይታ ስሕተት፣ 3ቱ ለእንቅልፍ፣ 4ቱ ሰው በሰው ላይ ለሚያሳድረው ጫና፣ 3ቱ ለአእምሮ ጤና። ሕልም ተንታኙ ፍሮይድ አንድም ፔሬድ የለውም፤ ረስቼው አይደለም።

ቁጥር ወዳድ፦ ክፍፍሉ ያምራል፤ አስተማሪው የታለ? የሳይኮሎጂ ምሩቅ ሞልቷል ትሉኝ ይሆናል። ምሩቁ ግን የተማረው በስምና በትርጉም ነው፤ ፓቭሎቭ ይህን አለ፣ ስኪነር ይህን አለ፣ የማስሎ ደረጃ ስንት ነው፣ ከአራቱ አንዱን ክበብ። የተማረውን ነው የሚያስተምረው። 11ኛ ክፍል ላይ ያ የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሞጁል ተጨምቆ ይወርድና ልጁ የሚሸመድደው አንድ ደብተር ይጨመርለታል፣ በቃ።

ይህ ደግሞ የሚሸመደደው ነገር ትክክል ቢሆን ነው። የስታንፎርዱን የእስር ቤት ሙከራ ውሰዱ፤ 1971፣ ዚምባርዶ፣ ተማሪዎችን ጠባቂና እስረኛ አድርጎ (የጥናቶቹ ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። የተቀረጸው ድምፅና ማስታወሻው ሲመረመር ጠባቂዎቹ ጠንከር እንዲሉ ከአዘጋጆቹ ግፊት እንደነበረባቸው ታይቷል። ዛሬም «ሰው ሥልጣን ሲሰጠው በራሱ ጊዜ ጨካኝ ይሆናል» ተብሎ ይሰጣል። የማርሽማሎውን ፈተና እዩ፤ አንዱን ጣፋጭ ሳይበላ የታገሠ ሕፃን ሁለት የሚያገኝበት፣ ታጋሹ በኋላ ይሳካለታል የተባለበት ነው፤ በ2018 ከ900 በላይ ሕፃናት ላይ ዳግም ሲታይ፣ የቤተሰብ ሁኔታና የልጁ ቀደምት ችሎታ ግምት ውስጥ ሲገባ ዝምድናው እጅግ ሳሳ። በ2015 የታተመው ትልቁ የድገማ ሥራ 100 ጥናቶችን ደግሞ ሠርቶ፣ በስታቲስቲክስ መስፈርት ያለፈለት 36 በመቶው ነው። «እኔ በማየት ነው የምማረው፣ አንተ በመስማት» የሚለውን የመምህራን ሥልጠና ሁሉ የሚደጋግመውን ነገር እነ ፓሽለር በ2008 ፈትሸው በቂ ማስረጃ አላገኙለትም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተሳሳተውን የሚያርምበት ሌላ ኮርስ አለው። 11ኛ ክፍል ላይ ሰምቶ ለሚያቆም ልጅ ግን የሰማው ነገር እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሐቅ ነው።

ጠመኔ፦ ጥሩ አድርገው ጻፉልኝ። የመጀመሪያዎቹ 4 ፔሬዶች ለዚሁ ናቸው። «መምህሩ ሞጁሉን ያነባል» ለሚለው ስጋት ደግሞ መልሴ መምህሩ ሊያነበው የማይችለውን ትምህርት መስጠት ነው። አንዱን ፔሬድ ልዘርዝር።

መምህሩ 12 ቃል ያነባል፦ አልጋ፣ ድካም፣ ሕልም፣ ትራስ፣ ሌሊት፣ ጋቢ፣ ማዛጋት፣ ፍራሽ፣ ዕረፍት፣ ማንኮራፋት፣ ጨለማ፣ መንቃት። በቃልና በቃል መካከል ሁለት ሰኮንድ ግድም፣ ድምፅ ሳይለዋወጥ። ከዚያ ወዲያው አይጻፍም፤ ከ100 ጀምሮ ሦስት ሦስት እየቀነሱ ለ30 ሰኮንድ ይጻፉ። አለበለዚያ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት ጆሯቸው ላይ እንዳሉ ይገለብጧቸዋል። ቀጥሎ ሁለት ደቂቃ፦ «የምታስታውሱትን ጻፉ፤ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ተዉት።» መጨረሻ ላይ «እንቅልፍ» ብሎ የጻፈ ይቆጠራል። ቃሉ አልተነበበም። ሮዲገርና ማክደርሞት በ1995 በ15 ቃል ዝርዝር ይህን ሲሠሩ ያልተነበበው ቃል በ55 በመቶ ተጽፎ ተገኝቷል። ልጁ የገዛ ራሱን የውሸት ትዝታ በገዛ እጁ ጽሑፍ አየው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «ዓይኔ ያየውን» ብሎ የሚምል ምስክር ላይ አንድ ሰዓት መወያየት ይቻላል።

የሚበላሸው ቃሉ ላይ ነው። ከውጭ መጽሐፍ የተገለበጠ ዝርዝር አማርኛ ሲሆን «አጭር እንቅልፍ»፣ «ከባድ እንቅልፍ» እያለ ቃሉን ራሱን ይዞ ይመጣል። «ማንቀላፋት»ም አይገባም፤ ሥሩ አንድ ነው፣ ቀ-ለ-ፈ። ያኔ ተማሪው የጻፈው ያልሰማውን አይደለም፣ ግማሹን የሰማውን ነው። «መተኛት» ብሎ ለጻፈም ይቆጠርለታል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ከመጀመሩ በፊት ይወሰን፤ ውጤቱን አይቶ መወሰን ማጭበርበር ነው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ካወቁ የጥናት ዘዴው ግማሹ ገባቸው እላለሁ።

ጥያቄ አለኝ፦ 60 እና 70 ልጅ በታጨቀበት ክፍል? እጅ አስወጥቶ መቁጠሩ ብቻ ፔሬዱን ይጨርሳል።

ጠመኔ፦ እጅ አይወጣም። እጅ ሲወጣ ጎበዝ የሚባለው ምን እንዳደረገ አይተው ነው የሚያወጡት፤ አሽ በ1950ዎቹ በመስመር ርዝመት ያሳየው ይህንኑ፣ ሰው የብዙኃኑን የተሳሳተ መልስ እንደሚከተል ነው፣ ለአምስተኛው ርዕስ አስቀምጡት። አንድ የደብተር ወረቀት ለአራት ይቀደዳል፤ ለ60 ልጅ 15 ወረቀት። ስም አይጻፍበትም። ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ይሰበሰባል፣ ሁለት ልጆች «አለው፣ የለውም» እያሉ በሁለት ክምር ይለያሉ። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ቨርጂኒያ፦ እዚህ አሜሪካ ኤፒ ሳይኮሎጂ (በኮሌጅ ደረጃ የተዘጋጀ ኮርስ) ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መስጠት ከተጀመረ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የመጀመሪያው ፈተና በ1992 ነበር። ቁጥር ወዳድ የሚሉት የሽምደዳ ችግር እዚህም ስላለ ኮርሱ ከ2024-25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተከልሷል። ዘጠኝ የነበረው ምዕራፍ አምስት ሆኗል። ፈተናው 75 ምርጫ በ90 ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት የጽሑፍ ጥያቄ በ70 ደቂቃ ነው። አንደኛው የጥናት ማጠቃለያ ሰጥቶ ዘዴው ምንድን ነው፣ ውጤቱ ምን ይላል፣ ለማን ይሠራል ይጠይቃል። ሁለተኛው ሦስት ምንጭ ሰጥቶ ከማስረጃው ተነሥተህ ተከራከር ይላል። ምርጫው ሁለት ሦስተኛውን ነጥብ ይይዛል። ፈተናው ሲቀየር ክፍል ውስጥ ያለውም መቀየሩ አይቀርም።

ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። በፈረንጆቹ ነሐሴ 2023 ፍሎሪዳ ውስጥ ስለ ጾታና ጾታዊ ዝንባሌ በሚያነሣው ንዑስ ርዕስ ሰበብ ኮርሱ ሊቋረጥ ደርሶ ነበር። የሰው እድገት የሚባለው ምዕራፍ ወላጅንና መንግሥትን የሚያጋጭ ነው። በጠመኔ 26 ፔሬድ ውስጥ የእድገት ምዕራፍ አላየሁም። የዘለሉት አውቀው ከሆነ ይበሉን።

ጠመኔ፦ አውቄ ነው። ኮርሱ ሳይወለድ እንዲሞት አልፈልግም።

ቁጥር ወዳድ፦ ቢያንስ እውነቱን ተናገሩ። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጠይቅ፤ በምን ይለካል? የ12ኛ ክፍል ፈተና ውስጥ ካልገባ ልጁም መምህሩም ፔሬዱን ለሒሳብ ማጠናከሪያ ያደርጉታል። ከገባ ደግሞ ምርጫ ብቻ ነው፣ የጠመኔ ሩብ ወረቀት ዋጋ የለውም። የተማሪ ሪፖርት ይጻፍ ካላችሁ አንዱ ይሠራል፣ ሃምሳው ይገለብጣል።

ጠመኔ፦ የሚገለበጠው መልሱ አንድ የሆነ ሥራ ነው። እያንዳንዱ የየራሱ ቁጥር ካለው ምን ይገለብጣል? የቁጥር ማስታወስ ሥራ ስጧቸው። እያንዳንዱ ተማሪ ቤቱ ያሉ ሁለት ሰዎችን ይፈትናል። ከሦስት አኃዝ ይጀምራል፣ በሰኮንድ አንድ አኃዝ፣ በየርዝመቱ ሁለት ሙከራ፤ ሁለቱንም ሲስት ይቆማል። ሚለር በ1956 ሰው ባንድ ጊዜ በአእምሮው የሚይዘው «ሰባት፣ ሁለት ሲቀነስ ወይም ሲደመር» ነው ያለው እዚህ ይፈተሻል። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ልጁ እንደ ስልክ ቁጥር ሁለት ሁለት እያጣመረ ያነበዋል፤ ያኔ አኃዙ ስምንት ቢሆንም ጭነቱ አራት ነው። ሁለተኛ፣ «ዜሮ ዘጠኝ» ብሎ የሚጀምር ዝርዝር ለማንኛውም ሰው አንድ ቁራጭ ነው፣ ሁለት አኃዝ አይደለም። የ120 ሰው ውጤት ሰሌዳ ላይ ሲሰፍር ሜዲያንና ስርጭትን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ካዩት በተሻለ ያዩታል። 30 ከመቶ ለዚህና ለሌላ አንድ ሪፖርት፣ 20 በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ ጥያቄ፣ 50 ለማጠቃለያ።

የሳምንቱ ጥያቄ ለማስፈራራት አይደለም። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 አንድ ጽሑፍ ላይ ሠርተውታል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 75 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት 42፣ የተፈተኑት 56። ደብተሩን አራት ጊዜ እየደጋገመ ሲያነብ የሚያድር ልጅ ጠዋት «ይዤዋለሁ» የሚለው ለምን እንደሆነ፣ ፈተናው ላይ ለምን እንደሚጠፋበት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ጋይዳንስ፦ ስለ 3ቱ የአእምሮ ጤና ፔሬዶች ማንም አልተናገረምና እኔ ልናገር። በድጋፉ በኩል ነኝ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ጤና ችግሮች ሲሶዎቹ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሾቹ ከ18 ዓመት በፊት ነው፣ 11ኛ ክፍል እንዲያውም ዘግይቷል። ግን በዚህ አያያዝ አይሆንም።

የምልክት ዝርዝር ለወጣት ሰጥቶ መሄድ አደገኛ ነው። ዝርዝሩን ያየ ሁሉ ራሱን ያገኝበታል፣ በማግሥቱ ደግሞ ጎረቤቱን «ባይፖላር» ብሎ ይጠራዋል። ስለዚህ ከምልክቱ በፊት የሚጻፉት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ ስንት ጊዜ ቆየ? ከምን ሥራ አገደው? ድባቴ የሚባለው ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሲዘልቅና ትምህርቱን ወይም ኑሮውን ሲያስተጓጉል ነው። ፈተና ወድቆ ሦስት ቀን የከፋው ልጅ ከፋው እንጂ አልታመመም። አማርኛችን «ጭንቀት» የሚለውን ቃል ለተራውም ለሕመሙም ስለሚጠቀም ልዩነቱን መምህሩ አፍ አውጥቶ መናገር አለበት፤ ካልተናገረ ተማሪው አይለየውም።

ሌላው፣ ይህ ርዕስ በተነገረ ዕለት መምህሩን ከክፍል ውጭ የሚጠብቅ ልጅ ይኖራል። መምህሩ «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት የለበትም። ልጁ ራሱን ሊጎዳ እንደሚያስብ ከተናገረ ብቻውን አይተውም፣ በዚያው ቀን ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይም ለጤና ጣቢያና ለሚያምነው ቤተሰብ ይደርሳል። ማን ጋ እንደሚላክ ምዕራፉ ከመከፈቱ በፊት በስምና በስልክ ካልታወቀ ምዕራፉ አይከፈት። ጠበልና ዱዓ ሲነሣ ደግሞ መምህሩ ክርክር አይግጠም። ጸሎትና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ፣ መድኃኒት በራስ ፈቃድ አይቋረጥም፣ ይህን ብሎ ይለፍ። ክፍል ውስጥ ወላጁን ጠበል የወሰደ ልጅ ተቀምጧል።

ቁጥር ወዳድ፦ ይህን አልቃወምም። ምሳሌው ሁሉ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪ ነው የሚለው ቅሬታዬ ግን አለ። የሄንሪክ የ2010 ጽሑፍ የምዕራብ፣ የተማረ፣ የበለጸገ ኅብረተሰብ ለሰው ልጅ ሁሉ ናሙና አይሆንም ያለውን ረስተን አናስተምር።

ጋይዳንስ፦ የቡታጅራ ጥናት አለላችሁ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ከ68 ሺህ በላይ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። ከባድ የአእምሮ ሕመም በገጠር ኢትዮጵያ እንዴት እንደሚሄድ ከዚያ የተጻፈው ብዙ ነው። ለ4ቱ የጥናት ዘዴ ፔሬዶችም ይሆናል፤ ተማሪው «ማንን ጠየቁ? ያልተጠየቀው ማን ነው?» ብሎ የሚጀምረው ከሚያውቀው አገር ነው።

ቨርጂኒያ፦ ቋንቋውስ? ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ነው። የቀለም ስም በሌላ ቀለም የሚጻፍበትን የስትሩፕን ሙከራ በእንግሊዝኛ ብትሰጡ፣ ቃሉን አቀላጥፎ የማያነብ ልጅ አይደናቀፍም፤ ሙከራው የሚሠራው ማንበብ ከፈቃድ ውጭ ሲሆን ነው።

ጠመኔ፦ ሙከራው በልጁ አፍ መፍቻ፣ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ እንደ አካባቢው። የቃሉ ዝርዝር ግን ከአማርኛው አይተረጎም፣ በየቋንቋው እንደ አዲስ ይሠራ፤ የ«ማንቀላፋት» ዓይነት ወጥመድ በየቋንቋው አለ።

ቁጥር ወዳድ፦ አስተማሪው የታለ ለሚለው መልስ አላገኘሁም፣ ድምፄም «ይቅር» እንዳለ ነው። ያቺ ወረቀት ግን ጉድለት አለባት። «እንቅልፍ» ብሎ የጻፈውን ብቻ ከቆጠራችሁ ልጆቹ ዝም ብለው ገምተው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ከእንቅልፍ ጋር የማይገናኝ ሌላ ዝርዝር አንብቡላቸው፤ ዳቦ፣ ሊጥ፣ ምጣድ፣ እርሾ፣ እንዲህ ያለ። ስንት ሰው «እንቅልፍ» እንደሚጽፍ ከዚያም ቁጠሩ። ግማሹ ክፍል አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ይስማ። ማን የቱን እንደሚሰማ ደግሞ በወንበር ረድፍ አይከፋፈል፤ ፊት የሚቀመጡት ማን እንደሆኑ እናውቃለን። ዕጣ ይውጣ።