ሁለት ብስክሌት በትንሽ መኪና፦ ጣሪያ ላይ ወይስ ከኋላ?

ሰላም ለሁላችሁ። የእኔ ብስክሌት 14 ኪሎ ነው። የባለቤቴ ግን ኤሌክትሪክ ስለሆነ ባትሪው ወልቆ እንኳ 21 ኪሎ ይመዝናል። መኪናችን ውስጥ አይገቡም፤ ውጭ መጫን ግድ ሆኖብናል።

ጣሪያ ላይ በፖርቶመጋላ ብንጭን ታርጋና የኋላ መብራት አይሸፈንም። የመኪናው መመሪያ ጣሪያው 75 ኪሎ ይችላል ይላል፤ የፖርቶመጋላው ክብደትም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ይህ ይበቃናል፤ ግን ከባዱን ብስክሌት እዚያ ድረስ ማን ያነሳዋል? ባለቤቴ ወገቧን ያማታል።

በቺንጋ የኋላ ኮፈን ላይ የሚታሰረውን አላመንኩትም። ቺንጋ መንገድ ላይ ይላላል፤ መንጠቆውም የሚይዘው ቀጭን የቆርቆሮ ጠርዝ ነው። የእኛ ኮፈን ደግሞ የፕላስቲክ ስፖይለር አለው።

ልቤ ያዘነበለው ጋንቾ (ከመኪናው ኋላ ተጎታች የሚያያዝበት መንጠቆ) ላይ ወደሚገጠመው፣ ብስክሌቱ በጎማው ወደሚቆምበት መጫኛ ነው። ዝቅ ስለሚል ማንሳት አያስቸግርም፣ የብስክሌቱን ቴላዮም (አጽሙን) በኃይል አይጨብጥም። የጨነቀኝ ግን ክብደቱ ነው፦ ጋንቾው ወደ ታች የሚችለው 50 ኪሎ ሲሆን መጫኛው ብቻውን 17 ኪሎ ነው። ሲደመር 52 ይመጣል። መንገዱ ሲያነጥረን ደግሞ ጫናው ከዚህም ይብሳል፤ ስለዚህ «ሁለት ኪሎ ምን አላት» ለማለት አልደፈርኩም።

እባካችሁ፣ የሞከራችሁ ንገሩኝ። ቀላል መጫኛ ልፈልግ? ወይስ ኤሌክትሪኩን ከኋላ፣ የእኔን ጣሪያ ላይ ብከፋፍል ይሻላል? ከኋላ ከጫንኩ መብራትና ታርጋ ያለው ተጨማሪ ሰሌዳ እንደሚያስፈልገኝ ገብቶኛል፤ ገመዱ ከመኪናው ጋር የሚገናኘው እንዴት ነው?